የጥቂቶች ጥፋትና የብዙዎች ስም

ከአውሮፕላን ዘሎ በፓራሹት ወደ ምድር መውረድ ትምህርት የሚያስፈልገው ሥራ ነው። ዘላዩ አስቀድሞ ከመምህር ይማራል፤ አንዱ ፓራሹት ባይዘረጋለትም ሁለተኛ ይዟል። ከገደል ወይም ከረዥም ሕንፃ የሚዘል ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ይይዛል፤ ምድር ቅርብ ስለ ሆነች ሁለተኛውን ለመዘርጋት ጊዜ የለውምና።

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፥ ኤል ካፒታን የሚባል 900 ሜትር የሚያህል ገደል አለ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. የዮሴሚቲ ፓርክ ሹማምንት ልምድ ያላቸው ዘላዮች በፈቃድ እንዲዘሉ ፈቀዱ። ነገር ግን አንዳንዶቹ ደንቡን ተላለፉ። ስለዚህ ፈቃዱ በዚያው ዓመት ቀረ፤ ደንብ አክባሪዎቹም ከደንብ አፍራሾቹ ጋር አብረው ተከለከሉ።

ብዙ ሰው ሁለቱን ሥራዎች አይለይም። አንድ ሰው በስውር ከሕንፃ ዘሎ ቢሞት፥ ወሬውን የሰማ «ፓራሹት የሚይዙ ሁሉ እብዶች ናቸው» ይላል። ከአውሮፕላን በሥርዓት የሚዘለውም ያላጠፋውን ጥፋት ይሸከማል። በደረቁ ምክንያት እርጥቡ ይቃጠላል እንደ ተባለው ነው።

በዌስት ቨርጂኒያ ግን፥ 267 ሜትር ከፍታ ካለው ከኒው ሪቨር ድልድይ ላይ፥ በጥቅምት ወር በተወሰነ አንድ ቀን በፈቃድ ይዘለላል። ሕዝብም ተሰብስቦ በደስታ ይመለከታል፤ በስውር የሚደረግ ነገር የለምና።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ደንብን የሚያፈርስ ሰው ራሱን ብቻ የሚጐዳ አይምሰለው፤ የባልንጀሮቹንም ስም ያጐድፋል። ደንብን የሚያከብር ግን ለባልንጀሮቹ በር ይከፍታል።