«ለእኔስ ምሕረት አለኝ ወይ?»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዱራሜ ወይም በሾኔ መናኸሪያ የቆመ ሰው፣ የመኪና ረዳቶች «ሆሳዕና! ሆሳዕና! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማል። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማችን የያዘችው የበዓል ስም ነው። ቃሉ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም «እባክህ አሁን አድነን» ማለት ነው። ሳናስተውለው በቀን ስንቴ እንጸልየዋለን! ታዲያ ይህ ልመና የተፈቀደው ለማን ነው? ለደግ ሰው ብቻ? ወይስ ለከፋው ኃጢአተኛም ጭምር?

ጥያቄው በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ከሐዲያና ከከምባታ ስንቱ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ የማያውቅ የለም። ደርሰው ሠርተው ቤተሰብ የረዱ አሉ፤ በመንገድ የቀሩም አሉ። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ዐቢይ ጾምን ይዘን ሳለ፣ በሞዛምቢክ ቴቴ በሚባል ክፍለ ሀገር ከአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን እንደሆኑና ታፍነው እንደሞቱም ተነገረ። ማሳውንና በሬውን ሸጦ ለደላላ የከፈለ አባት፣ የልጇ አስከሬን ሳይመጣላት ለቅሶ የተቀመጠች እናት በየመንደሩ አሉ።

እንግዲህ ከነዚህ ደላሎች አንዱ በዚህ ጾም ልቡ ቢነካና «የሰው ልጅ አስበልቼ፣ በምን ዓይኔ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?» ብሎ ከቅጥሩ ውጭ ቢቆም ምን እንለዋለን? እኛስ ብንሆን? በሐሰት መስክሮ የወንድሙን መሬት ያስነጠቀ፣ ጽንስ ያስወረደች፣ እናቱን የደበደበ፣ ስንቱ ነው ያንኑ ቃል በሆዱ ይዞ ከደጅ የሚመለሰው?

ቅዱስ መጽሐፍ ሦስት ሰዎችን ያሳየናል።

የመጀመሪያው ፈያታዊ ዘየማን ነው። ወንበዴ ነበር፤ የሰው ደም በእጁ ያለበት ሰው። በጌታችን ቀኝ ተሰቅሎ ሳለ ሦስት ነገር አደረገ። ቅጣቱ የሚገባው እንደሆነ አመነ፤ ክርስቶስ ግን ምንም ክፉ እንዳላደረገ መሰከረ፤ ከዚያም በመንግሥቱ እንዲያስበው ለመነ (ሉቃ. 23፥40-43)። የሚመጸውትበት እጁ ተቸንክሯል፤ የሚሳለምበት እግሩ ተቸንክሯል። የቀረው ልቡና ምላሱ ነበር፤ ያንኑ ሰጠ። በዚያው ዕለት ገነት ገባ። ከእሑድ እስከ ዓርብ አምስት ቀን ብቻ ነው። እሑድ ሕዝቡ «ሆሳዕና» ብሎ ጮኸ፤ ዓርብ ከመስቀል ላይ «አስበኝ» ያለው ወንበዴው ነው።

ሁለተኛው ዘኬዎስ ነው። ታሪኩ የተጻፈው በዚያው ጌታ በውርንጭላ ተቀምጦ ኢየሩሳሌም በገባበት ምዕራፍ ነው (ሉቃ. 19)። የቀራጮች አለቃ ነበር፤ ሀብቱ የሰው እንባ አለበት። ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ ግን ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የነጠቀውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ወንበዴው ምንም አልመለሰም፤ ዘኬዎስ ግን መለሰ። ለምን? እጁ አልተቸነከረማ! እጁ ያልታሰረ ሰው «ፈያታዊ ዘየማን በአንድ ቃል ድኗል» ብሎ የሰው ገንዘብ ይዞ መቀመጥ አይችልም።

ሦስተኛው ይሁዳ ነው። ይህን ልብ በሉ። እርሱም ገንዘቡን መልሷል! ሠላሳውን ብር በቤተ መቅደስ ጥሎ ወጥቷል፤ መበደሉንም ተናግሯል (ማቴ. 27፥3-5)። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ጌታው አልተመለሰም፤ ተስፋ ቆረጠ። ጴጥሮስም በዚያች ሌሊት ሦስት ጊዜ ክዶ ነበር፤ ነገር ግን አልቅሶ ተመለሰ፤ ሐዋርያም ሆኖ ኖረ። ስለዚህ ሰውን ከምሕረት የሚያስቀረው የኃጢአቱ ትልቅነት አይደለም፤ «ለእኔ የለኝም» ማለቱ ነው።

«ታዲያ የዚያች እናት እንባ የት ሊሄድ ነው?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ለደላላው ምሕረት አለ ማለት እንባዋ ርካሽ ነው ማለት አይደለም። የኃጢአት ዋጋ በመስቀል ላይ የተከፈለው በአምላክ ደም ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ውድ ነገር አለ? እርሷን «ቶሎ ይቅር በዪ» ብለን አናስጨንቃት፤ አብረናት እናልቅስ። እርሱ ግን የበላውን ገንዘብ ይመልስ፤ ልጇ የት እንደቀረ የሚያውቀው ነገር ካለ ይንገራት፤ ሌላ ልጅ መላኩን ያቁም፤ ሕግ ቢጠይቀውም እንደ ወንበዴው «ይገባኛል» ይበል።

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ! ሳትውል ሳታድር ወደ ንስሐ አባትህ፣ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂዱ። ካህኑ የሰማውን ለማንም አያወጣም። «አባቴ፣ ከየት እንደምጀምር አላውቅም» ብትሉም ይበቃል፤ እርሱ ያስጀምራችኋል። የሚሰጣችሁን ቀኖና፣ ጾሙንም ስግደቱንም ምጽዋቱንም፣ ፈጽማችሁ ወደ ሥጋ ወደሙ ቅረቡ።

ነገ ዛሬ አትበሉ። እንደምታውቁት በሰሙነ ሕማማት «እግዚአብሔር ይፍታ» አይባልም፤ መስቀልም አንሳለምም። በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ተብሎም በሆሳዕና እሑድ ጸሎተ ፍትሐት አስቀድሞ ይደረሳል። ዘንባባ በእጃችን ይዘን፣ በእግራችን ቆመን፣ ፍትሐታችንን እንሰማለን! ከዚህ የሚበልጥ ምን ማስጠንቀቂያ አለ?

ረዳቱ በመናኸሪያ «አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ስትሰሙ ራሳችሁን ጠይቁ። ያ የቀረው ሰው እኔ እሆን? የመኪናው ወንበር ይሞላል፤ የእግዚአብሔር ምሕረት ግን ስፍራ አጥቶ የመለሰው ሰው የለም።

ፈያታዊ ዘየማንን የተቀበለ አምላክ እኛንም ይቀበለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።