የሚዘጋው መንገድና የሚቀመጠው ሻጭ፦ ወርኃዊ የእግረኛ ገበያ በወረታና በፎገራ ሜዳ ቢታሰብ

መግቢያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ ወረታ ይደርሳል። በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ ተሠርቶ ያለቀውና 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የወልዲያ መንገድም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ወረታ የመገንጠያ ከተማ ናት፤ ያደገችውም በመንገዱ ግራና ቀኝ ነው። በገበያ ቀን ከሜዳው ቀበሌዎች የሚመጣው ገበሬ፣ የጫነችው አህያ፣ ባጃጁ፣ አውቶቡሱና ተሳቢው ሁሉ አንዱን አስፋልት ይሻማሉ።

ይህ ጽሑፍ በወር አንድ ቀን ለተሽከርካሪ ተዘግቶ ለእግረኛ፣ ለአካባቢው የጥበብ ሰዎች፣ ለምግብ ሻጮችና ለሱቆች የሚለቀቅ የጎዳና ገበያ በወረታ ቢቋቋም ምን መልክ ሊይዝ እንደሚችል ይመረምራል። መነሻ የሚያደርገው በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተሞከሩትን ሁለት ልምዶች፣ «መንገድ ለሰው»ንና «የእሑድ ገበያ»ን፣ እንዲሁም የአካባቢውን ነባር የገበያ ሥርዓት ነው። ክርክሩ አጭር ነው፤ መኪናን ለግማሽ ቀን ማስቆም በአንጻሩ ቀላል ሥራ ሲሆን፣ የገበያውን ዕጣ የሚወስነው ግን በሌሎቹ 29 ቀናት በመንገድ ዳር ለመቀመጥ የሚታገለው ሻጭ በዚያ አንድ ቀን የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ነው።

ሁለት የከተማ ልምዶች

«መንገድ ለሰው» የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። የጤና ሚኒስቴር ከከተማ አስተዳደሮች ጋር በመሆን በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች የተመረጡ ጎዳናዎች በወር አንድ እሑድ ለጥቂት ሰዓታት ከተሽከርካሪ ነጻ እንዲሆኑ አደረገ። ዓላማው በግልጽ የጤና ነበር፤ ሕዝቡ እንዲራመድ፣ እንዲሮጥ፣ ልጆች ያለ ሥጋት ኳስ እንዲያንከባልሉ፣ የደም ግፊትና የስኳር መጠን ምርመራ በጎዳናው ላይ እንዲሰጥ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ሐሳቡ በዓለም ላይ ቀደምት አለው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእሑድና በበዓላት ቀን ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ትለቅቃለች። ኪጋሊም በ2016 እ.ኤ.አ. ወርኃዊ ከመኪና ነጻ ቀን ጀምራ ቆይታ ድግግሞሹን በወር ወደ ሁለት ከፍ አድርጋለች።

«የእሑድ ገበያ» ሌላ ምክንያት አለው። የኑሮ ውድነት በበረታበት ወቅት፣ አምራቹንና የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ከሸማቹ ጋር በቀጥታ በማገናኘት የደላላውን እጅ ለማሳጠር የተቋቋመ ነው። በተመረጡ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ድንኳን ይተከላል፤ ሽንኩርት፣ ጤፍ፣ እንቁላልና ዘይት ይሸጣል፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቷል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። አንዱ ጎዳናውን ለሰውነት እንቅስቃሴ ባዶ አደረገው፤ ሌላው ለድስት ሞላው። በሁለቱም ግን ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና አዝማሪው ዋና ተጋባዥ አልነበሩም። ከዚህም በላይ ሁለቱም ልምዶች የተቀረጹት መኪና ለበዛበት ከተማ ነዋሪ ነው። ለአዲስ አበቤ በእግር መሄድ ቀን ሊቀጠርለት የሚገባ ነገር ሆኗል። ከርብ ወይም ከጉማራ ወንዝ ዳር ተነሥቶ እህሉን ጭኖ ወረታ የሚገባው ገበሬ ግን በእግር መሄድን እንደ መዝናኛ እንዲቆጥር መጠበቅ የዋህነት ነው። ለእርሱ ቁም ነገሩ ከደረሰ በኋላ ያለው ነው፤ ያለ ጡሩንባና ያለ ግፊያ ቆሞ የሚሸጥበት፣ ሸክሙን አውርዶ የሚያርፍበት ቦታ።

ነባሩ ሥርዓት

በደቡብ ጎንደር ገበያ ጊዜን ራሱን ይሰይማል። ሐሙሲትና ዓርብ ገበያ የተባሉት ከተሞች ስማቸው ከሳምንቱ ቀናት ጋር የተሳሰረ ነው። አጎራባች ገበያዎች ቀን ተለዋውጠው ስለሚውሉ ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ገበሬውም ባንደኛው ያልቀናውን በሌላው ይሞክራል። ከወረታ በስተ ሰሜን፣ በሊቦ ከምከም የሚገኘው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበትና ቀረጥ የሚከፈልበት ስመ ጥር ገበያ ነበር። ዛሬ ያ ግርማ የለውም። የመኪና መንገድ ሲመጣ ገበያ ወደ መንገዱ ይሳባል፤ የወረታም ዕድገት የዚሁ ስበት ውጤት ነው።

ገበያው በውስጡም ሥርዓት አለው። እህል ተራ፣ ከብት ተራ፣ ቅቤ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጨርቅ ተራ፣ ሸክላ ተራ እየተባለ ይከፈላል። ድንበሩን ያሰመረ መሐንዲስ ባይኖርም ሁሉም ያውቀዋል። ከብት ከእህል ይርቃል፤ ቅቤ ጥላ ይፈልጋል፤ ሸክላ ከረገጣ መሸሽ አለበት። ጉልት የሚቸረችሩት ሴቶች ደግሞ ሰው በሚወጣበትና በሚገባበት መተላለፊያ ላይ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙንና ቃሪያውን በመደብ በመደብ ከፍለው ይዘረጋሉ። የከተማ ፕላን ባለሙያ «የእግረኛ መንገድ ንድፍ» የሚለውን ነገር ገበያተኛው በልምድ ደርሶበታል ማለት ይቻላል።

የፎገራ ሜዳ ምርት መለወጥም ገበያውን ለውጦታል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ ቀድሞ የሚታወቀው በግጦሹና በፎገራ ከብት ዝርያ ነበር። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ተያይዞ የመጣው ሩዝ፣ በተለይም በጅግና አካባቢ ስም «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ፣ ጎርፉን ከጠላትነት ወደ ሀብትነት አዞረው። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በዚሁ ነው፤ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎችም በወረታ ተሰባስበዋል። የሩዙ ገለባ ለከብት፣ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ ይውላል፤ ጠላና አረቄም ይወጣዋል። ስለዚህ ወረታ ላይ የሚታሰብ ማንኛውም የምግብ ገበያ የራሱ መለያ አለው፤ ከሌላ ከተማ የሚቀዳው የምግብ ዝርዝር አያስፈልገውም። የጣና ዓሣ፣ በመኸሩ ማግሥት በቀሪ እርጥበት የሚበቅለው ሽምብራና ጓያ፣ በርብ ዳር በፓምፕ እየጠጣ የሚለማው ሽንኩርት ሁሉ በእጅ ያለ ነው። በጾም ወራት ቅቤና ሥጋ ከገበታው ሲነሡም የሽሮውና የበያይነቱ ገበያ ይደምቃል እንጂ አይሞትም።

የትኛው መንገድ ይዘጋ?

አውራ ጎዳናው ሊዘጋ አይችልም። ወደ ጎንደርና ወደ መተማ የሚያልፈው ጭነት፣ በወረታ ደረቅ ወደብ የሚስተናገደው ኮንቴይነር፣ ወደ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ሆስፒታሎች በሽተኛ የሚያደርሰው አምቡላንስ ሁሉ የሚጠቀመው በዚያው ነው። ለግማሽ ቀን እንኳ ቢታገድ የተሳቢዎቹ ሰልፍ ራሱ ሌላ አደጋ ይፈጥራል። ስለዚህ የሚዘጋው በገበያው ሜዳና በአውራ ጎዳናው መካከል ያለ የውስጥ መንገድ ሊሆን ይገባል። ይህ ምርጫ ሌላ ትርፍ አለው። ሕዝቡን ከአስፋልቱ ዳር ወደ ውስጥ ስለሚስብ፣ ገበያተኛ በፍጥነት በሚያልፍ መኪና ፊት የሚቆምበት ሰዓት ይቀንሳል።

«ለእግረኛ ብቻ» የሚለው ቃልም በጥንቃቄ ሊተረጎም ይገባዋል። አንድ ኩንታል ሩዝ በእግሩ አይሄድም። ቃሉ እንደ ወረደ ከተተገበረ አህያው፣ ጋሪውና ተሸካሚው ከመኪናው ጋር አብረው ይባረራሉ፤ ገበያውም ከተማ ውስጥ ለሚኖርና በፌስታል ለሚገዛ ሰው ብቻ ይሆናል። የሚሻለው ጭነት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ እንዲገባና እንዲራገፍ፣ ከዚያ በኋላ አህዮች ከመንገዱ ጫፍ ባለ ማሰሪያ እንዲቆዩ፣ ባጃጆችም በሁለቱ ጫፎች ተራ ይዘው ተመላሹን እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። የባጃጅ ሾፌሩ የዕለት ገቢው ተቋርጦበት ዳር ቆሞ የሚመለከተው ገበያ ብዙ ወዳጅ አያፈራም።

የእጅ ባለሙያውና አዝማሪው

በአማራ ደጋማ አካባቢዎች ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ሥራቸው ሲፈለግ ሰውነታቸው ሲናቅ ኖረዋል። ማረሻውን የሠራው፣ ምጣዱን ያበጀችው፣ ኩታውን የሸመነው ሰው «ቡዳ» ተብሎ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለል የቆየበት ታሪክ ገና ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋ ነው። በገበያው አቀማመጥም ይህ ርቀት አንዳንዴ ይታያል፤ ሸክላ ጥግ የሚይዘው ከመሰበር ለመዳን ብቻ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል።

ከወረታ ብዙ ሳይርቅ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ ለዚህ ሁሉ ተቃራኒ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ሽመናን ወንድም ሴትም የሚሠሩት የጋራ መተዳደሪያ አድርጎታል። ጎብኚ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይገዛዋል። አውራምባ ያገኘው ግን ገበያውን ወደ ራሱ በመጥራት ነው፤ በየቤቷ አፈር የምታቦካ ሸክላ ሠሪ ያን ማድረግ አይቻላትም። ምጣድና ጀበና ተሸክማ መጥታ ያልሸጠችውን ተሸክማ ስትመለስ በመንገድ የሚሰበረው የእርሷ ኪሳራ ነው።

እዚህ ላይ ወርኃዊው ገበያ የሚሸከመው አደጋ ይታያል። «የባህል ዕቃ» የሚል ድንኳን ተተክሎ፣ ምዝገባና የቦታ ክፍያ ከተጠየቀ፣ ድንኳኑን የሚይዘው ከከተማ ገዝቶ የሚያመጣው ቸርቻሪ ይሆናል። ሸክላ ሠሪዋ እንደ ወትሮው ከዳር ትቀራለች። ልዩነቱ አሁን ከዳር የቀረችው በስሟ በተጠራ በዓል ላይ መሆኑ ነው። ይህን ለማስቀረት ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ የመንገዱን መግቢያ ለሠሪዎቹ በነጻ መልቀቅና፣ ያልተሸጠው ዕቃ እስከሚቀጥለው ገበያ የሚያድርበት አንድ ቁልፍ ያለው መጋዘን ማዘጋጀት ብዙውን ችግር ያቃልላል።

አዝማሪውም የራሱ ጉዳይ አለው። የጎንደር አካባቢ የአዝማሪ አገር ነው፤ ማሲንቆ ይዞ ከሰው ፊት የሚቆም ባለሙያ ኑሮውን የሚመራው በሽልማት ነው። ጥበቡም በቅርበት ላይ የቆመ ነው፤ አድማጩ ግጥም ይሰጠዋል፣ እርሱ ተቀብሎ ይመልሳል፣ የተሞገሰው ወይም የተነካው ይሸልማል። መድረክ ተሠርቶ ድምፅ ማጉያ ሲተከል ይህ ልውውጥ ይቋረጣል። የመድረኩ ጩኸት በሽንኩርት ሻጯና በገዢዋ መካከል ያለውን የዋጋ ክርክርም ይውጠዋል። ከመድረክ ይልቅ በመንገዱ ላይ ተራርቀው የሚቀመጡ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ለአዝማሪው የበለጠ ይበጁታል፤ ርካሽም ናቸው።

ወሩን በምን እንቁጠረው?

«የወሩ መጨረሻ እሑድ» የቢሮ ሠራተኛ አቆጣጠር ነው። የፎገራ ክርስቲያን ገበሬ ወሩን የሚያውቀው በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ23 በጊዮርጊስ ነው፤ ማኅበሩን የሚጠጣው፣ ዕቁብና ብድሩንም የሚቀጥረው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናት። የወረታ ሙስሊም ነጋዴ ደግሞ የራሱ ዓርብ አለው። ስለዚህ ወርኃዊውን ገበያ በአዲስ ቀን ከመትከል ይልቅ በወሩ የመጀመሪያ ሳምንታዊ ገበያ ላይ መደረብ ይሻላል። ገበሬው የሚመጣው ለዚያ ቀን ነው፤ ሁለተኛ ጉዞ አይጨመርበትም። የሸጠበት ገንዘብም በኪሱ እያለ ወደተዘጋው መንገድ ይሻገራል፤ ለሱቁም፣ ለምግብ ሻጯም፣ ለአዝማሪውም ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

ዓመቱም እኩል አይደለም። ሩዝ ከሚታጨድበት ከኅዳርና ታኅሣሥ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ገንዘብም ሰውም አለ፤ ሠርጉም በዚሁ መካከል ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፣ የገጠሩ መንገድ ይቆረጣል፣ ጎተራውም ይጎድላል። በእነዚህ ወራት ገበያው ቢታጠፍ ሽንፈት አይደለም። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያለው ግጭት የሰዉን መንቀሳቀስ በሚገድብበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ሕዝብ በአንድ ጎዳና ላይ መሰብሰብ ራሱ አስቀድሞ ሊመከርበት የሚገባ ጉዳይ ይሆናል።

የቀረው የቦታ ድልድል ነው። በአዘቦት ቀን «ሕገ ወጥ የጎዳና ላይ ንግድ» ተብላ ሸራዋን ጠቅልላ እንድትነሣ የምትታዘዘው የጉልት ሻጭ፣ በወር አንድ ቀን ያው ተግባሯ የከተማዋ መስሕብ ሆኖ ይቀርባል። ይህን ተቃርኖ ሳይፈቱ ገበያውን መክፈት አይቻልም። አንዱ መንገድ አስቀድሞ በዚያ ጎዳና የሚቀመጡትን ሴቶች ስም መዝግቦ የመጀመሪያውን ዕጣ ለእነርሱ መስጠት፣ ከዚያ ለሠሪዎች፣ በመጨረሻ ለቸርቻሪዎች ማዳረስ ነው። የተመዘገበችው ሻጭ የዕጣ ወረቀቷ በሌሎቹ ቀናትም ለተወሰነ ቦታና ሰዓት የሚያገለግላት ከሆነ፣ የገበያውን ቀን ጠባቂ ሆና የምትውለው እርሷ ራሷ ትሆናለች፤ የትኛው ባጃጅ ሾልኮ እንደገባ ከማንም በፊት የምታየውም እርሷ ናት።