የጥጃ መከላከያ ኃይል ከአንገቱ ነው

በየካና በእንጦጦ ግርጌ ላም አርብቶ ወተት ለሚሸጥ ገበሬ፣ ጥጃ በቅዝን ወይም በሳንባ ምች ሲሞት ጉዳቱ ከባድ ነው፤ የነገዋ የወተት ላም አብራ ትሞታለችና። ስለዚህ ጥጃ በሽታን በምን እንደሚመክት ማወቅ ይገባል።

በጥጃ አንገት፣ ከአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ እስከ ደረት የሚወርድ ለስላሳ ሥጋ አለ፤ ታይመስ ይባላል። በልጅነት ትልቅ ነው፤ ከብቱ ሲያድግ ይመነምናል። ዣክ ሚለር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961፣ እንደተወለዱ ታይመሳቸው የወጣባቸው አይጦች በሽታን መቋቋም እንደሚሳናቸው አሳየ። ከአጥንት መቅኔ የሚወጡ አንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ታይመስ ውስጥ ገብተው፣ እንደ ምልምል ወታደር ጠላትን ከወገን መለየት ይማራሉ። የታይመስ ሆርሞኖችም በዚህ ያግዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 አላን ጎልድስታይንና አብርሃም ኋይት ከጥጃ ታይመስ ያወጡትን ንጥረ ነገር ታይሞሲን አሉት። በኋላም ብዙ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ አንዱ፣ ታይሞሲን ቤታ 4፣ በመላ ሰውነት የሚገኝ ሲሆን፣ ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ሄደው ሥጋው እንዲጠግን ይረዳል።

ገበሬው ይህን ሆርሞን በመርፌ ማስወጋት አያስፈልገውም። የእርሱ ሥራ ታይመሱን መጠበቅ ነው። ረኃብና ሥቃይ ሲበዛ ታይመስ ይኮማተራል፤ ምልምሎቹም ያንሳሉ። ስለዚህ የሚከተለው ይደረግ፦

1ኛ/ ጥጃ ሲወለድ የራሱ መከላከያ ገና አልጠነከረም፤ እስኪጠነክር የሚጠብቀው የእናቱ እንገር ነው። አንጀቱ ይህን ኃይል የሚቀበለው እስከ 24 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ በየሰዓቱም ይቀንሳል። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ይጠጣ። 30 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በ12 ሰዓታት ውስጥ 3 ሊትር ያህል ያግኝ። ለቤት የሚታለበው ጥጃው ከጠገበ በኋላ ይሁን።

2ኛ/ እትብቱ ክፍት ቁስል ነው፤ ወዲያው አዮዲን ይቀባ።

3ኛ/ የእንጦጦ ሌሊት ብርድ ነውና ደረቅ ጭድ ይጎዝጎዝለት፤ ሲረጥብም ይለወጥ። ነፋስ በቀጥታ እንዳይመታው ይከለል፤ አየር ግን አይታፈን።

4ኛ/ ወተት አይጉደልበት። ታይሙሊን የተባለው የታይመስ ሆርሞን ያለ ዚንክ አይሠራም፤ መኖ ሲጀምር ማዕድን ያለበት ጨው ይጨመርለት።

5ኛ/ ክትባት በእንስሳት ሐኪም ምክር በጊዜው ይሰጥ። የተራበ ጥጃ ከክትባት የሚያገኘው ጥቅም ያነሰ ነው።

የልማት ሠራተኛም አዲስ ጥጃ ወዳለበት ቤት ሲገባ አስቀድሞ፣ «እንገር በስንት ሰዓቱ ጠጣ?» ብሎ ይጠይቅ።