ፖሊስ ሲያስቆማችሁ፦ በአሜሪካ ለታክሲና ለኡበር ሾፌሮች

አዲስ አበባ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመን ከመኪና ወርደን «ወንድሜ፣ የዛሬን ይለፈኝ» እያልን ወደ እሱ መሄድ ለምደናል። እንደ አክብሮትም ይቆጠራል። አሜሪካ ውስጥ ግን ሳይታዘዝ ከመኪናው የሚወርድ ሾፌር እንደ አደጋ ነው የሚታየው። ስለዚህ ካልታዘዛችሁ አትውረዱ።

የፖሊሱ ሥልጣን ከምንገምተው በላይ ሰፊ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 በሰጠው ውሳኔ፣ በትራፊክ ጥፋት የቆመ ሾፌር «ውረድ» ከተባለ መውረድ አለበት። በ2001 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ልጆቿን ይዛ ስትነዳ ቀበቶ አላሰርሽም ተብላ በካቴና የተወሰደች እናት ያቀረበችውን ክስ አይቶ፣ ቅጣቱ ቢበዛ 50 ዶላር ለሆነ ጥፋት እንኳ ፖሊስ ማሰር ይችላል ብሏል። መክሮ መሸኘትም ሆነ ትኬት መጻፍ በአብዛኛው የፖሊሱ ፈንታ ነው።

የፖሊስ የኃይል አጠቃቀም የሚለካው ይኸው ፍርድ ቤት በ1989 በሰጠው የግራሃም ውሳኔ ነው። ከሳሹ ግራሃም የስኳር ሕመምተኛ ነበር። ሻርሎት ከተማ ውስጥ ሕመሙ ሲነሳበት ጁስ ሊገዛ ሱቅ ገባ፤ ሰልፉ ረጅም ሆኖበት ተጣድፎ ወጣ። ይህን ያየ ፖሊስ ጠርጥሮ ጓደኛው የሚነዳውን መኪና አስቆመ። በተፈጠረው ግርግር ግራሃም በካቴና ታሰረ፤ እግሩም ተሰበረ። ሱቁ ውስጥ ምንም ወንጀል አልተፈጸመም ነበር። ፍርድ ቤቱ ሦስት ነገር ይታይ አለ፦ የተጠረጠረው ወንጀል ክብደት፣ ሰውየው ወዲያው አደጋ ያደርስ እንደሆነ፣ መታገሉ ወይም ለማምለጥ መሞከሩ። ሁሉም የሚመዘነው በዚያች ቅጽበት ቦታው ላይ ከነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ዓይን ነው። እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ በእናንተ እንቅስቃሴ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ስትቆሙ፦

• ሞተር አጥፉ፤ ማታ ከሆነ የውስጡን መብራት አብሩ። እጃችሁ መሪው ላይ ይሁን። ስልክ እያወራችሁ ከሆነ ዝጉት።

• መንጃ ፈቃድ ከመፈለጋችሁ በፊት ተናገሩ፦ «ከኋላ ኪሴ ነው፤ ላውጣው?» ፖሊሱ እሺ ሲል በቀስታ አውጡ።

• «መኪናውን ልፈትሽ?» ካለ «አልፈቅድም» ማለት መብታችሁ ነው። በቂ ምክንያት አለኝ ብሎ ከፈተሸ ግን በእጃችሁ አትከላከሉ። አለመፍቀዳችሁን ድምፃችሁን ሳታነሱ ድገሙት፤ ሕጋዊነቱን ዳኛ ያየዋል።

• ትኬቱን ከጨረሰ «መሄድ እችላለሁ?» በሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 በሰጠው ውሳኔ መሠረት የትራፊኩ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ያለ ተጨባጭ ጥርጣሬ ሊያቆያችሁ አይችልም።

ከተለያያችሁ በኋላ የፖሊሱን ስምና የባጅ ቁጥር፣ ሰዓቱንና ቦታውን ወዲያው ጻፉ። የዳሽካም ቪዲዮው ሌላ ሳይቀዳበት አስቀምጡ። ተጎድታችሁ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ወረቀት ያዙ፤ ጠበቃም አማክሩ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ፣ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ ፖሊስን ጨምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። በእንግሊዝኛ ከመንተባተብ በአማርኛ አስተካክላችሁ ተናገሩ።

መንገድ ዳር ተከራክሮ ፖሊስ የረታ ሾፌር አላውቅም። ክርክሩን ለፍርድ ቤት አቆዩት፤ ማስረጃውን ግን ለነገ አትበሉ።