አጠገቡ ተቀምጦ ማስተማር
ማንበብ የሚቸግራቸውን ሕፃናት ስለ መርዳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል የንባብ ተራ ሲደርስ «ውኃ ልጠጣ» ብሎ የሚወጣ፣ «መጽሐፌን ቤት ረሳሁት» የሚል፣ ወይም ከጓደኛው ጀርባ የሚሸሸግ ልጅ አይጠፋም። ይኸው ልጅ መዝሙር ሲጠና ከሁሉ ቀድሞ ይይዛል፤ ታሪክ ሲተረክም ዐይኑን ሳያነሣ ያዳምጣል። ብዙዎች ግን «ሰነፍ» ወይም «አስቸጋሪ» ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው ይህ ልጅ የሚሸሸው ኀፍረትን መሆኑን ነው። ኀፍረቱ ካልተወገደለት ዛሬ ከንባብ ተራ የሸሸው ልጅ ነገ ከጉባኤው፣ ከነገ ወዲያም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሊርቅ ይችላል።

ችግሩ የጥቂት ልጆች ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን በልዩ ልዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ጥናት፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንድ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች በየሰፈራችን ያሉ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እሑድ እሑድ ከፊታችን ይቀመጣሉ።

ፊልጶስ ምን አደረገ?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የምናነሣው ስለ ጥምቀቱ ነው። ነገር ግን ታሪኩ የአንድ አንባቢና የአንድ አስተማሪ ታሪክም ነው። ጃንደረባው የንግሥቲቱ የገንዘብ ሹም፣ ትልቅ ባለ ሥልጣን ነበር። ሆኖም ፊልጶስ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ሲጠይቀው የሚመራው ሰው እንደሌለው ሳያፍር ተናገረ። እንዲህ ያለ ሹም ይህን በአደባባይ ቢጠየቅ ኖሮ ለመናገር ይከብደው ነበር ብለን እናስባለን። የተጠየቀው ግን በምድረ በዳ መንገድ፣ የሚስቅበት ጉባኤ በሌለበት ነው።

ፊልጶስም ሦስት ነገር አደረገ። መጀመሪያ ራሱ ሮጦ ቀረበ እንጂ እስኪጠሩት አልጠበቀም። ሁለተኛ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሦስተኛ ሰውዬው ያነብ ከነበረበት ከዚያው ስፍራ ጀምሮ አስተማረው። ማንበብ የሚቸግረውን ልጅ ለመርዳት የሚያስፈልገው እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፤ መቅረብ፣ አጠገቡ መቀመጥ፣ ልጁ ካለበት መጀመር።

ፊደላችንና የልጁ ድካም

እኛ ማንበብ ከለመድን ቆይተናልና የፊደልን ክብደት ረስተነዋል። የአማርኛ ፊደል 33 ሆኖ እያንዳንዱ 7 ቤት ስላለው 231 መልክ አለው፤ እንደ ሏ እና ቷ ያሉት ዲቃሎች ከዚህ ውጪ ናቸው። ተ ከቸ፣ ነ ከኘ፣ ደ ከጀ፣ ጠ ከጨ የሚለዩት በትንሽ ምልክት ብቻ ነው። ካዕቡ በብዙዎቹ ፊደላት ላይ አንድ ዐይነት ቅጥያ ሲኖረው ሩ እና ፉ ግን መልካቸው ለየት ይላል። ሳድሱማ ል፣ ም፣ ር፣ ን እያለ በየፊደሉ ይለዋወጣል። ሀ፣ ሐ እና ኀ ደግሞ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሦስት ነው።

ከዚህም በላይ ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አያሳይም። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ የልደት በዓል፣ ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይኖራል» ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ፊደሉን ቢያውቅም የዐረፍተ ነገሩን አሳብ ካልያዘ በትክክል ሊያነብ አይችልም። ሲሳሳት ሊሳቅበት አይገባም፤ የተሸከመው ቀላል አይደለምና።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በንባብ ቤት ተማሪው ፊደል ከቆጠረ በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ ዳዊት አይዘልም። አስቀድሞ ፊደሉን አንድ በአንድ በቁጥር ይላል፤ ከዚያ ወደ ግዕዝ ንባብ፣ ወደ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ወደ ቁም ንባብ ያልፋል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል። አንዱ ደረጃ ሳይጸና ሌላው አይጀመርም። ከዚህ ሥርዓት ልንወስደው የሚገባው ትዕግሥቱን ነው፤ አለንጋው ግን እዚያው ይቅር።

እንዴት እንርዳ?

1ኛ፤ ለብቻው እንቅረበው። አንድ ወጣት ከሁለት ወይም ከሦስት ልጆች በላይ ባይይዝ መልካም ነው። ቦታውም ሌሎች ልጆች የማይሰሙበት የአዳራሹ ጥግ ይሁን። ፊት ለፊት ቆመን እንደ ፈታኝ ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጠን አንድ መጽሐፍ አብረን እንይ።

2ኛ፤ የሚያውቀውን እንፈልግ። ብዙ ልጆች «መ ሙ ሚ ማ» የሚለውን በዜማ ያውቁታል፤ ሚን ለብቻዋ ብናሳያቸው ግን ከመ ተነሥተው በጣታቸው እየቆጠሩ ካልደረሱ አያውቋትም። ስለዚህ ከአሮጌ ካርቶን ትንንሽ ቁራጮች ቆርጠን በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል እንጻፍና አደባልቀን እናሳይ። የለያቸውን በደብተር እንመዝግብ፤ ትምህርቱም ከዚያ ይጀምር።

3ኛ፤ ጥቂት እናስተምር። በአንድ ቀን አራት ወይም አምስት ፊደል ይበቃል። ወዲያውም በእነዚያ ፊደላት ትርጉም ያለው ቃል ይመሥርት። ማ እና ር ያወቀ ልጅ «ማር» ብሎ ያነባል፤ ያነበበውም የሚያውቀውን ነገር ነው።

4ኛ፤ አብረን እናንብብ። መጀመሪያ እኛ በጣታችን እያመለከትን፣ ቀጥሎ አብረን ድምፃችንን አስተባብረን፣ በመጨረሻ እርሱ ብቻውን ያንብብ። ሲቆም ቃሉን ፈጥነን ከአፉ አንንጠቅ። በልባችን እስከ አምስት እንቁጠር። ያን ጊዜ ካልመጣለት የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ እንስጠው።

5ኛ፤ እውነተኛ ምስጋና እናመስግነው። ሁልጊዜ «ጎበዝ! አንበሳ!» ብንለው ልጁ ሞኝ አይደለምና እንደምናባብለው ያውቃል። «ዛሬ ቸን ከተ ሳትሳሳት ለየህ» ብንለው ግን ይህ ሊክደው የማይችለው ነገር ነው። በራስ መተማመን የሚያድገው ልጁ ራሱ የሠራውን ሲያይ ነው።

6ኛ፤ እርሱም ያስተምር። አሥር ፊደል ያወቀ ልጅ አምስት ለሚያውቅ ታናሹ ያሳይ። ሁልጊዜ ተረጂ ሆኖ የኖረ ልጅ ረጂ ሲሆን አቀማመጡ እንኳ ይለወጣል።

7ኛ፤ ከወላጆች ጋር እንነጋገር። «እኅትህ በአንተ ዕድሜ ጋዜጣ ታነብ ነበር» የሚለው ንግግር ልጁን አያተጋም፤ ተስፋ ያስቆርጣል እንጂ። ወላጁ ራሱ ማንበብ ባይችልም በየማታው አሥር ደቂቃ ልጁ ሲያነብለት ቢያዳምጥ ታላቅ እርዳታ ነው።

በጆሮው ይማር የነበረው ልጅ

ባለፈው ክረምት ከረዳናቸው ልጆች አንዱ 4ኛ ክፍልን የጨረሰ ነበር። የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ስንሰጠው አንድ ገጽ ሙሉ ሳይደናቀፍ አለልን። ከዚያው ገጽ ጥቂት ቃላት መርጠን፣ ቅደም ተከተላቸውን ለውጠን በወረቀት ጽፈን ስናሳየው ግን ዝም አለ። ዐይኑም እንባ አቀረረ። ለካ ይህ ልጅ ጓደኞቹ ሲያነቡ እየሰማ በቃሉ ይይዝ ነበር። እንዲህ እያለ ክፍል አልፏል። ገጽ በገጽ በጆሮው ብቻ የሚይዝ ልጅ አእምሮው ደካማ ነው ሊባል እንዴት ይቻላል? ያን ሁሉ ድካም የደከመው እንዳይታወቅበት ብሎ ነው።

ከእርሱ ጋር የጀመርነው ከስሙ፣ ከእናቱ ስምና ከክርስትና ስሙ ፊደላት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ተማረ። በ8ኛው ሳምንት በእጃችን የጻፍንለትን የአምስት መስመር ታሪክ ብቻውን አነበበ። ሲጨርስ የጠየቀን ወረቀቱን ወደ ቤት እንድንሰጠው ነበር፤ ለእናቱ ሊያነብላት። ዛሬም የሚያነበው ቀስ ብሎ ነው፤ የንባብ ተራ ሲደርስ ግን ከክፍል አይወጣም።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ

አንዳንድ ልጅ የማያነበው ሰሌዳው አጥርቶ ስለማይታየው ወይም በደንብ ስለማይሰማ ነው። ሌላው ቁርስ ሳይበላ የመጣ፣ ሌላው ደግሞ በቤቱ የሚነገረው ቋንቋ አማርኛ ያልሆነ ይሆናል። ከመፍረዳችን በፊት ይህን እንጠይቅ። ዐይኑ የሚያጠራጥር ከሆነ ወላጆቹ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት እንምከር።

ደግሞም በቂ ትምህርት አግኝተው፣ አእምሯቸውም ብሩህ ሆኖ ንባብ ብቻ እጅግ የሚከብዳቸው ልጆች አሉ። ይህ ዲስሌክሲያ ይባላል። አእምሮ የቃላትን ድምፅ ለይቶ ከፊደል ጋር የሚያገናኝበት አሠራር የተለየ ከመሆኑ የሚመጣ ነው እንጂ ከስንፍና አይደለም። በብዙ ቤተሰብም ይወርዳል። እንዲህ ያለ ልጅ በዝግታ፣ በሥርዓትና በብዙ ድግግሞሽ ሲማር ማንበብ ይችላል።

በአንዳንድ ቤት «ዐይነ ጥላ ነው» ተብሎ ልጁ ከትምህርት እንዲቀር ይደረጋል። ጸሎቱና ጠበሉ አይቅር፤ እኛም ከልጁ ጋር እንጸልይ። ነገር ግን ከጸሎቱ በኋላ አጠገቡ ተቀምጦ ፊደል የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ማንበብንም ቅጣት አናድርገው። ያልተዘጋጀን ልጅም በድንገት ወደ መድረክ አንጥራ።

ማጠቃለያ

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ለልጆች ደጋግመን እንነግራለን። ትምህርት አልገባው ብሎ ቅጣት ሸሽቶ ሲሄድ፣ ዛፍ ለመውጣት እየወደቀች የምትነሣውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ እናስተምራለን። ይህ ለተማሪው መልካም ትምህርት ነው። ለአስተማሪው ግን ሌላ ትምህርት አለው። ትሏ በወደቀች ቁጥር ቆሞ የሳቀባት አልነበረም። ያሬድም ሲመለስ አጎቱ ጌዴዎን በሩን አልዘጋበትም፤ ተቀብሎ አስተማረው። ያ በር ቢዘጋ ኖሮ ምን ይቀርብን እንደ ነበር እናስብ።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይም በክረምት ከየትምህርት ተቋማችሁ ወደ ቤተሰብ የምትመለሱ ሁሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ሰዓት ለአንድ ልጅ እንስጥ። ካርቶንና እርሳስ ከበቂ በላይ ነው። ፊልጶስ ከተለየው በኋላ ጃንደረባው ደስ ብሎት መንገዱን እንደ ቀጠለ ተጽፏል፤ መጽሐፉ በእጁ ነበር፣ አሁን ግን ገብቶታል። እኛም የምንደክመው ልጁ እኛ በሌለንበት ቀን መጽሐፉን ገልጦ ብቻውን እንዲያነብ ነው።

የአባቶቻችን አምላክ ለሕፃናቱ ማስተዋልን፣ ለእኛም ትዕግሥትን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።