ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድና ስለ ብሬከሩ

በከተማ ቤት ውስጥ የእንጀራ ምጣድን ያህል ኤሌክትሪክ የሚበላ ዕቃ እምብዛም አይገኝም። ምጣዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ሲሰካ ባለ 10 ዋት አምፑል 350 ያህል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ይህን ያህል ኃይል እንዲጠብቅ የሚሾመው ብሬከር ግን በብዙ ቤት የሚመረጠው በግምት፣ አለዚያም ሱቁ ውስጥ በተገኘው ነው። የጥበባት ፋኩልቲ ተማሪ በዚህ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እንጀራ የሚበላው መሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም።

ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ብሬከር የሚቀመጠው ለምጣዱ ተብሎ ሳይሆን በግድግዳ ውስጥ ለተቀበረው ሽቦ ተብሎ ነው። ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ሙቀቱም የሚያድገው እንደ አምፔሩ ልክ ሳይሆን አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ 24 አምፔር የሚችል ሽቦ 48 አምፔር ቢያልፍበት ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ላስቲኩ ይለሰልሳል፤ ውሎ አድሮም ይቀልጣል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ሲነካኩ እሳት ይነሣል። ቃጠሎው የሚጀምረው ዓይን በማያየው ቦታ፣ ከኮርኒሱ በላይ ወይም ከልስኑ በስተ ኋላ በመሆኑ ቤተሰቡ የሚያውቀው ጢሱ ከወጣ በኋላ ነው።

ይህን ለመከላከል ቀድሞ የነበረው መሣሪያ እኛ ዘንድ በጣልያንኛ ስሙ ቫልቮላ የተባለው ፊውዝ ነው። ኤዲሶን በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1890 ነበር። የዛሬው ትንሽ ብሬከር የመጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 ማንሃይም ከተማ ከሚገኘው ከሁጎ ስቶትዝ ፋብሪካ ነው። በውስጡ ሁለት ዘበኞች አሉ። አንደኛው ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ዝርግ ነው፤ ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ ቀስ በቀስ ሞቆ ይጎብጥና መስመሩን ይቆርጣል። ሁለተኛው የሽቦ ጥቅልል ነው፤ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ በቅጽበት ማግኔት ሆኖ ይስባል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። የምጣዱ ዋት ለ220 ሲካፈል አምፔሩ ይገኛል። 3,500 ለ220 ሲካፈል 15.9፣ 4,000 ሲካፈል 18.2 አምፔር ይሆናል። ብሬከሩ ከዚህ ቁጥር ማነስ የለበትም፤ ሽቦው ከሚችለውም መብለጥ የለበትም። ምርጫው በሞላ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የሚገኝ ነው። የመዳብ ሽቦ በግድግዳ ውስጥ በቱቦ ሲሄድ፣ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትሩ 24 ያህል፣ ባለ 4ቱ 32 ያህል አምፔር ይችላል። ሙቀት በሚይዝ ግድግዳ ውስጥ ወይም ከሌሎች ሽቦዎች ጋር በአንድ ቱቦ ከታጨቀ ከዚህ ያንሳል። እንግዲህ ለምጣድ ባለ 4 ሽቦ ለብቻው ተስቦ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ቢገባለት መልካም ነው። ባለ 16ቱ ለባለ 3,500 ዋቱ ምጣድ አፋፍ ላይ ነው፤ ለባለ 4,000ው ግን አይበቃም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በብሬከሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር መቁረጫው አይደለም። ዓለም አቀፉ ደንብ የሚለው፣ ከተጻፈው 1.13 እጥፍ እስኪደርስ ድረስ በአንድ ሰዓት ውስጥ መቁረጥ የለበትም፤ 1.45 እጥፍ ሲደርስ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ መቁረጥ አለበት ነው። በሁለቱ መካከል ቢቆርጥም ባይቆርጥም አያስወቅሰውም። ባለ 20ው በ29 አምፔር የግድ ይቆርጣል። ባለ 40ው ግን በሰዓት ውስጥ እንዲቆርጥ የሚገደደው 58 አምፔር ሲደርስ ነው!

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በተከራየሁበት ግቢ አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ብሬከሩ በየጊዜው እየወረደ ሊጥ ሲያስቸግር፣ የቤቱ ባለቤት እማማ ሠራተኛ አስጠሩ። ሠራተኛው ባለ 20ውን አውልቆ ባለ 40 ተከለና ሄደ። ከዚያ ወዲያ መብራት አልወረደም፤ ሠራተኛውም ተመረቀ። የተለወጠው ግን ብሬከሩ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ያው አሮጌው ባለ 2.5 ሽቦ ነበር። በወሩ የሶኬቱ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ የላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። እማማን ለማስረዳት ብዙ ሒሳብ አላስፈለገኝም፤ «ዘበኛው እንዳይጮኽ አፉን አሰሩት እንጂ ሌባውን አላስወጡትም» ብላቸው ወዲያው ገባቸው። ሽቦው ባለ 6 ሆኖ እንደ ገና እስኪሳብ ድረስ ባለ 20ው ተመለሰ።

ትክክለኛው ብሬከር ቢኖርም እንኳ የማያየው አደጋ አለ። የላላ ብሎን ሲኖር በዚያች ነጥብ ላይ ብርቱ ሙቀት ይፈጠራል፤ አምፔሩ ግን ስለማይጨምር ብሬከሩ ዝም ይላል። ስፒናው ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ጥፋቱ እዚያው ነው። ስለዚህ ምጣድን በዲቫይደር ላይ መሰካት ፈጽሞ አይገባም። ባይሆን ከሶኬት ይልቅ በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ከሽቦው ጋር በቀጥታ ቢታሰር ይሻላል።

ሌላው ሰውን የሚጠብቀው መሣሪያ ነው። ከሸክላው ሥር የተቀበረው ረዚስታንስ የምጣዱን ቆርቆሮ ቢነካ፣ ጋጋሪዋ በእርጥብ እጅዋ ስትይዘው ኤሌክትሪኩ በሰውነትዋ በኩል ወደ መሬት ያልፋል። ለሞት የሚያበቃው መጠን ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ባለ 20ው ብሬከር አይሰማውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ወደ መሬት የሚያፈተልከውን ለይቶ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው ዓይነት ነው፤ ፊቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ ስላለው ይታወቃል። ይህም ቢሆን የመሬት ሽቦውን አይተካም። ሸክላው እርጥበት ካለው ይኸው መሣሪያ ሊወርድ ስለሚችል፣ ሰዎች «ያስቸግራል» ብለው ያስነቅሉታል። ማድረቅ ይቀላል።

በብሬከሩ ላይ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉት የላቲን ፊደላት ማግኔቱ በስንት እጥፍ እንደሚስብ የሚያመለክቱ ናቸው። ምጣድ እንደ ሞተር ሲነሣ ኃይል አይጎትትምና ቢም ሲም ይሆነዋል።

ስለ ዋናው ብሬከር ጥቂት ልጨምር። ባለ 25 አምፔር ነው እንበል። ምጣዱ 15.9፣ ባለ 2,000 ዋት ምድጃ 9.1፣ ባለ 1,500 ዋት የውሃ ማሞቂያ 6.8 አምፔር ቢወስዱ ድምሩ 31.8 ይሆናል፤ ይህም የ25 1.27 እጥፍ ነው። ቍጥሩ በ1.13ና በ1.45 መካከል ስለሚገኝ ብሬከሩ አንድ ቀን ሦስተኛው እንጀራ ላይ፣ አንድ ቀን አሥረኛው ላይ ይወርዳል፤ ሌላ ቀን ጭራሽ አይወርድም። በግቢያችን ምጣድ በተጣደበት ሰዓት ምድጃና ማሞቂያ እንዳይበራ ተስማምተን ተራው በወረቀት ተጽፎ ቆጣሪው አጠገብ ተለጥፏል።