በጥገኝነት ወረቀት ጠበቃ መሆን ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ላይ ሱቅ አለኝ። ልጄ ዘንድሮ ማትሪክ ትፈተናለች፤ የስደተኞች ጠበቃ መሆን ትፈልጋለች። በእጃችን ያለው ግን የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ብቻ ነው። ይሆንላታል?

መልስ፦ ሕግ መማር ትችላለች፤ የጥብቅናው በር ግን ለጊዜው ዝግ ነው። ዲግሪው 4 ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ ልምምድና ፈተና አለ። በጠበቃነት ለመመዝገብ ግን ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ግድ ነው። ይህን የተቃወሙ የውጭ አገር የሕግ ምሩቃን በ2022 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተረቱ። ውሳኔው ያሳዝነኛል፤ የደንበኛውን አማርኛ ያለ አስተርጓሚ የሚሰማ ጠበቃ እዚህ በጣም ያስፈልጋልና።

ሙያው ግን ሕይወት ያተርፋል። ይኸው ፍርድ ቤት በ2021 አንድ ኢትዮጵያዊ የጥገኝነት ጥያቄው እልባት ሳያገኝ እንዳይባረር ወስኗል። በ2014 ደግሞ በሊምፖፖ ሱቃቸው ለተዘጋባቸው ስደተኞች ይግባኝ ሰሚው ችሎት የንግድ ፈቃድ የመጠየቅ መብታቸውን አጽንቶላቸዋል።

ስለዚህ ትማር። እየተማረችም በሕግ ድጋፍ ሰጪ ድርጅቶች በአስተርጓሚነት ትሥራ። እርስዎ ደግሞ ያችን ወረቀት ዛሬውኑ አውጥተው ይመልከቱ፦ ቀኗ አላለፈም? ልጅዎ በፋይሉ ውስጥ አለች? መማር እንደሚፈቀድላት ተጽፏል? አንዱ ከጎደለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆም አፌርስ ይሂዱ።